ስኳሩን ማን ነገራቸው?

ማታ ቡና ተጠጥቶ ዕቃው ሲነሳ ትንሽ ስኳር ረከቦቱ ጥግ ላይ ይቀራል። ማንም ልብ አይለውም። ጠዋት ስትነሱ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ስንጥቅ የተነሳ ቀጭን ጥቁር መስመር ግድግዳውን ታኮ ረከቦቱ ድረስ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት መስመሩ ይንቀሳቀሳል። ሂያጅና መጪው ይተላለፋል። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ፊት ለፊት ይነካካሉ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ጉዳዩ።

እኛ ቤት እናቴ "ደግሞ መጡ!" ትልና እርጥብ ጨርቅ ልታመጣ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ጨርቁ እስኪመጣ የምሠራት ነገር ነበረችኝ። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ መስመራቸውን አቋርጬ ወለሉን አንዴ እፈትገዋለሁ። ጉንዳኖቹን አልነካም፣ በመሃላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ። ከዚያ መሬት ተኝቼ አያለሁ። ጣቴ ያለፈበት ቦታ ስትደርስ የመጀመሪያዋ ቀጥ ትላለች። ሁለተኛዋ መጥታ ትጋጫታለች። ሦስተኛዋ ወደ ኋላ ትዞራለች። ከወዲህም ከወዲያም ግፊያ ይሆናል። ከአንድ ጣት ስፋት ማዶ መንገዱ ቀጥሏል፣ እነሱ ግን ገደል አፋፍ ላይ የደረሱ ይመስላሉ። ከደቂቃ ደቂቃ ተኩል በኋላ አንዷ ደፋር ትሻገራለች፤ ሌላዋ ትከተላለች፤ ወዲያው መስመሩ ይቀጠላል።

ይቺን ጨዋታ የፈጠርኳት እኔ ነበር የሚመስለኝ። ኋላ ሳነብ የስዊዘርላንዱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሻርል ቦኔ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዲሁ ጣቱን በጉንዳን መስመር ላይ አሳልፎ፣ ሲደናበሩ አይቶ፣ መንገዳቸው ላይ የሆነ ጠረን አለ ብሎ ገምቶ ኖሯል። ግምቱ ልክ ነበር። ጣታችን የሚጠርገው ያንን ጠረን ነው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ምግብ ፍለጋ ከጎጆ የምትወጣ ጉንዳን የምትሄድበትን አታውቅም። ወዲያ ትላለች፣ ወዲህ ትላለች፣ ትዞራለች። ቃኚ እንበላት። (በነገራችን ላይ ከጎጆ ወጥተው ሲባዝኑ የምታዩዋቸው ሠራተኞች ሁሉም ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ክንፍ አውጥተው ለአንድ ጉዳይ ይፈለጋሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ።) ቃኚዋ ስኳሩ ላይ ድንገት ትደርሳለች። ትጠጣለች ወይም ትሸከማለች። አሁን ወደ ቤቷ ስትመለስ አካሄዷ ይለወጣል። የሆዷን ጫፍ ዝቅ አድርጋ ወለሉን ነካ፣ ነካ እያደረገች ትሄዳለች። በነካችው ቁጥር ዓይን የማያያት አንዲት ጠብታ ትቀራለች። ቤት ስትደርስ እህቶቿን ትነካካቸዋለች፣ ያመጣችውን ታቀምሳቸዋለች፣ ታስነሳቸዋለች። የሚወጡት ግን እሷን ተከትለው አይደለም። ወለሉ ላይ የተወችውን ተከትለው ነው።

እነሱም ስኳሩን ሲያገኙ ሲመለሱ እንደዚያው ያንጠባጥባሉ። ባዶ እጇን የተመለሰችው አታንጠባጥብም። ዘዴው ሁሉ ያለው እዚች ላይ ነው። ጥሩ ምግብ ያለበት መንገድ በየምልልሱ ይወፍራል፤ የወፈረው ብዙ ጉንዳን ይስባል፤ የሳበው ደግሞ ያወፍረዋል። የታክሲ ወረፋ ስናይ "ይሄን ያህል ሰው የቆመው መኪና ቢመጣ ነው" ብለን እንደምንቀላቀለው ማለት ነው። ስኳሩ ሲያልቅ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ይበዛሉ፣ የሚያንጠባጥብ ይጠፋል፣ መንገዱም ይከስማል። ይኼን ሁሉ ሲሆን አንድም አለቃ "ሂዱ" "ተመለሱ" ብሎ አላዘዘም። ንግሥት የምንላትም ቢሆን ስሟ ነው እንጂ ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው።

ልኩንም ያውቁበታል። አውሮፓ ውስጥ በየጓሮው የምትገኝ አንዲት ጥቁር ጉንዳን አለች፤ ብዙ የተጠናችው እሷ ናት። ሲያስቀምጡላት ቀጠን ያለ የስኳር ውሃ ከሆነ በመንገዷ ላይ የምትነካው ጥቂት ጊዜ ነው። ውሃው በስኳር ከበድ ሲል ነካ ነካው ይበዛል። ስለዚህ መንገዱ "እዚህ ጋ ምግብ አለ" ብቻ ሳይሆን "ደግሞ የሚጣል አይደለም" ይላል።

ጠብታዋ ከየት እንደምትወጣ በሌላ አንዲት ጉንዳን ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። አሜሪካዊው የሐርቫርድ ተመራማሪ ኤድዋርድ ዊልሰን ስትነድፍ እንደ እሳት የምታቃጥል አንዲት ቀይ ጉንዳን ይዞ ነበር የሚሠራው። በማጉያ መነጽር እያየ የሆዷን ዕቃ አንድ በአንድ አወጣ። አንጀቱን ለብቻ፣ የመርዝ ከረጢቱን ለብቻ፣ ከእሱ አጠገብ ያለችውን ዱፉር የምትባል ትንሽ እጢ ለብቻ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ለዓይን ክር የማይሞሉ ነገሮች ናቸው። እያንዳንዱን ጨፍልቆ በእንጨት ጫፍ ነክሮ ከጎጆው በር ጀምሮ መስታወት ላይ መስመር አሰመረበት። በአንጀቱ ምንም። በመርዙ ምንም። በዱፉር እጢ ሲያሰምር ግን በደርዘን የሚቆጠሩ ጉንዳኖች ከበሩ ተግተልትለው ወጡ። መስመሩን ይዘው እስከ መጨረሻው ሄዱ። መጨረሻው ላይ ምንም የለም። እዚያው ግራ ተጋብተው ይተራመሱ ጀመር።

እኔን የሚገርመኝ መከተላቸው አይደለም። አለመጠራታቸው ነው። ማንም ቤት ገብቶ አልነካካቸውም፣ ማንም ምግብ አላቀመሳቸውም። ያቺ ጠብታ ብቻዋን ጠሪም መሪም ሆነች። ሌሎች ዘሮች ላይ ነገሩ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጠብታውን ከመርዝ ከረጢቱ ያወጣል፣ አንዳንዱ ከአንጀቱ ጫፍ፣ እግሩ ውስጥ እጢ ያለውም አለ። ቅመሙም እንደየዘሩ ስለሚለያይ ነው የአንዱ ዘር ጉንዳን የሌላውን መንገድ ብዙ ጊዜ ሳያየው የሚያልፈው።

በዚያው በ1959 ነው ፒተር ካርልሰን እና ማርቲን ሉሸር የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እንዲህ ያሉ ነገሮችን "ፌሮሞን" ያሏቸው። ከግሪክኛ የተወሰደ ቃል ነው፤ ተሸክሞ ማድረስ እና መቀስቀስ የሚሉትን ሁለት ሐሳቦች ያጣምራል። ሆርሞን በአንድ አካል ውስጥ መልእክት ያደርሳል፤ ፌሮሞን ከአንዱ አካል ወጥቶ ወደ ሌላው። ጉንዳኖች ለመንገድ ብቻ አይደለም የሚጠቀሙበት። ለአደጋ ሌላ አለ። አንዷን ስትጨፈልቋት ጎረቤቶቿ ድንገት የሚራወጡት እሱ ስለሚበተን ነው። ለሞትም ምልክት አለ፣ እሱ እንኳ ፌሮሞን ነው ለማለት ይከብዳል፤ የበሰበሰ ገላ የሚያወጣው ኦሌይክ አሲድ የተባለ ቅባት ነው። ዊልሰን በሕይወት ያለች ጉንዳን ላይ ቀባው። እህቶቿ ተሸክመው የሬሳ ክምር ላይ ጣሏት። እየተወራጨች። ራሷን አጽድታ እስክትጨርስ ድረስ በተመለሰች ቁጥር ይወስዷታል።

የመንገድ ጠረን ምን ያህል ቢሆን ይበቃል? በ1971 ቴክሳስ ውስጥ የምትኖር ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን የምትጠቀመው ቅመም ምን እንደሆነ ተለየ፤ የጉንዳን መንገድ ፌሮሞን ከምን እንደተሠራ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር። ሲሰላ፣ አንድ ሚሊግራሙ ጉንዳን የሚከተለው መስመር ምድርን ደጋግሞ ለመዞር ይበቃል ተባለ። አንድ ሚሊግራም ማለት በሻይ ማንኪያችሁ ላይ ካለው ስኳር ጥቂት ቅንጣት ነው።

ይህን ያህል ቀጭን ነገር የምታሸትበት ደግሞ አፍንጫ የላትም። ጭንቅላቷ ላይ ያሉት፣ መሃላቸው ላይ እንደ ክርን የታጠፉ ሁለት አንቴናዎች ናቸው አፍንጫዋ። ሁለት መሆናቸው ለጌጥ አይደለም። ስትሄድ ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ወለሉን ትዳብሳለች። በግራው ጠረኑ ከጠነከረ ወደ ግራ፣ በቀኙ ከጠነከረ ወደ ቀኝ ትላለች። በ1960ዎቹ ዋልተር ሃንጋርትነር የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ የአንዱን ጎን አንቴና ቆረጠባቸው። መንገዱ አልጠፋባቸውም፤ ግን እንደ ሰካራም ሆኑ። ወደ ቀረላቸው አንቴና በኩል እያዘነበሉ ከመንገዱ ይወጣሉ፣ ጠረኑ ሲጠፋባቸው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ።

በ2017 ደግሞ ኒው ዮርክ ያሉ ተመራማሪዎች ለማሽተት ወሳኝ የሆነውን ዘረመል አበላሽተው ጉንዳን አራቡ። ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። ነገር ግን መስመር አይገቡም። እህቶቻቸው አንድ ላይ ተከማችተው ሲተኙ እነዚህ ለብቻቸው ይንከራተታሉ። ጠረን ሲወሰድባት ከጉንዳንነቷ የሚቀረው ይሄ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጠረኑ መኖሩን ነው። ብልሃቱ ያለው ግን ጠረኑ በመጥፋቱ ላይ ነው። የዊልሰን ቀይ ጉንዳን አንዴ ያለፈችበት መስመር በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተንኖ ለሌሎች የማይታወቅ ይሆናል። መጀመሪያ ሳነበው የተፈጥሮ ጉድለት መስሎኝ ነበር። ለምን በደንብ የሚቆይ አትቀባም? ቢቆይማ ኖሮ ወለሉ ላይ ትናንት ስኳር የነበረበት፣ አምና የሞተ ፌንጣ የነበረበት፣ ሦስት ዓመት በፊት ማር የፈሰሰበት መንገድ ሁሉ እኩል ይጮህ ነበር። የቱን ይከተሉ? መትነኑ ነው ዛሬን ከትናንት የሚለይላቸው።

ይሄን ቁልጭ አድርጎ ያሳየው ብራስልስ ውስጥ ዣን ሉዊ ደኖቡርና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያደረጉት ሙከራ ነው። በጎጆና በምግብ መሃል ድልድይ ሠሩ። ድልድዩ መሃሉ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ጎን አጭር ነው፣ ሌላው እጥፍ ይረዝማል። የአርጀንቲና ጉንዳን የሚባሉትን ለቀቁባቸው። እነዚህ ሲሄዱም ሲመለሱም የሚያንጠባጥቡ ናቸው። መጀመሪያ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ገባ፤ መንታ መንገድ ላይ ሲደርሱ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም። ግን በአጭሩ የገቡት ቀድመው ምግቡ ጋ ደረሱ፣ ቀድመውም ተመለሱ። ስለዚህ ረጅሙ ላይ ያሉት ገና መንገድ ላይ ሳሉ አጭሩ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል። ቀጥላ የመጣችው መንታው ላይ ስትደርስ አጭሩ ጠንከር ብሎ ይሸታታል። ትገባለች፤ እሷም ትጨምርበታለች። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ማለት ይቻላል በአጭሩ ይመላለስ ጀመር። ሜትር ይዞ የለካ የለም። ሁለቱን መንገዶች አወዳድራ "ይሄ ያጥራል" ያለች አንዲት ጉንዳን የለችም። ያጠረው ራሱ መንገዱ ነው የነገራቸው።

ሁለቱ ጎኖች እኩል ሲሆኑስ? እኩል አይካፈሉም። መጀመሪያ በአጋጣሚ አንዱ ላይ ሁለት ሦስት ጉንዳን በለጥ ይላል፤ ያቺ ትንሽ ልዩነት ታድጋለች፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም በአንዱ ይጎርፋል። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት እኩል ምግብ ቤቶች አንዱ ሲሞላ ሌላው ባዶ የሚውለው ነገር ትዝ ይለኛል።

ከሁሉ የምወደው ግን ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ ረጅሙን ብቻ ሰጧቸው። ሠላሳ ደቂቃ ከተመላለሱበት በኋላ አጭሩን ከፈቱላቸው። ዞር ብሎ ያየው የለም ማለት ይቻላል። አጭሩ አጠገባቸው ተከፍቶ በረጅሙ መንገድ ይደክማሉ። የእነዚህ ጉንዳኖች ጠረን እንደ ዊልሰኖቹ ቶሎ አይተንም። አሮጌው መንገድ ሳይረሳ አዲሱ ዕድል አላገኘም።

ማርኮ ዶሪጎ የተባለ ጣሊያናዊ በ1992 ሚላኖ ላይ ለዶክትሬቱ ያቀረበው ሥራ ከዚሁ የተቀዳ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የሐሳብ ጉንዳኖችን ለቀቀ። ችግሩ የታወቀ ነው፤ አንድ ነጋዴ ብዙ ከተሞችን እያንዳንዳቸውን አንዴ ብቻ ረግጦ ቤቱ ሲመለስ የትኛው ቅደም ተከተል ያጥርለታል? የከተሞቹ ቁጥር ጥቂት ሲጨምር አማራጩ ተቆጥሮ አያልቅም። የዶሪጎ ጉንዳኖች ዝም ብለው ይዞራሉ፤ አጠር ባለ ዙር የተመለሰችው ብዙ ጠረን ትተዋለች። ኮምፒውተር ውስጥ የሚተን ነገር የለም፣ ግን እያወቀ በየዙሩ ጠረኑን እንዲቀንስ አደረገው። መርሳትን በቀመር አስገባው ማለት ነው። ዛሬ ዕቃ የሚያደርሱ መኪኖችን መንገድ ለማውጣት ይህ ዘዴ ከሚሞከሩት አንዱ ነው።

መንገዱ አዋቂ ነው ስል ግን ይስታል። ዊልያም ቢቢ የተባለ አሜሪካዊ ጉያና ጫካ ውስጥ ያየውን በ1921 ጽፏል። ዘማች ጉንዳኖች ናቸው፤ ዓይናቸው ከብርሃንና ጨለማ ብዙም የማይለይ፣ በሰልፍ የሚያድኑ። ከዋናው ሰልፍ የተቆረጡት እየተከታተሉ ሄደው መሪዎቹ ድንገት የኋለኞቹን ዱካ አገኙና ተከተሉት። ክቡ ተገጠመ። ዙሪያው 365 ሜትር ያህል ነበር፤ አንዷ አንዴ ለመዞር ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል። ሁለት ቀን ዞሩ። በዞሩ ቁጥር ዱካው ይጠናከራል፣ በተጠናከረ ቁጥር መውጣት አይቻልም። አብዛኞቹ እዚያው እየዞሩ አለቁ። የአፍሪካዎቹ ዘመዶቻቸውም ሠራተኞቻቸው ጭራሹን ዓይን የላቸውም፤ ያን ሁሉ የሚነክስ ሰልፍ የሚመራው ወለል ላይ ያለ ጠረን ነው።

"አትግቡ" የሚል ምልክት የሚያኖሩም ተገኝተዋል። በየሆስፒታሉ የሚያስቸግሩት ጥቃቅን ቢጫ የፈርዖን ጉንዳኖች ምግብ የሌለበትን ቅርንጫፍ መንታው አጠገብ በሚያባርር ጠረን ያጥሩታል። በ2005 ነው የታወቀው።

ጠረን የማይሠራበት አገርም አለ። ሰሃራ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ የምትወጣ ረጅም እግር ጉንዳን አለች። አሸዋው እየፋመ ጠብታ ብታኖር ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ አቅጣጫዋን ከፀሐይ ትወስዳለች፤ ርቀቱን ደግሞ በእርምጃዋ ታሰላለች። በ2006 የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ምግብ ጋ የደረሱትን ይዘው እግራቸው ላይ የአሳማ ጸጉር ቀጥለው አስረዘሙት። ያው የእርምጃ ቁጥር ረጅም ርቀት አስኬዳቸውና ቤታቸውን አልፈው ሄዱ። እግራቸውን ያሳጠሩባቸው ደግሞ ሳይደርሱ ቆመው በር መፈለግ ጀመሩ። በእንጨት እግር ላይ የቆመች ጉንዳን አስቡት።

ስለ ምስጥም አንድ ነገር፤ ጉንዳን አይደለም፣ ዝምድናው ከበረሮ ነው፣ ግን እሱም በጠረን መንገድ ይሄዳል። የአንዳንድ እስክርቢቶ ቀለም ውስጥ ያለ ቅመም ከጠረኑ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ወረቀት ላይ ክብ ብትሠሩለት ምስጡ መስመሩን ይዞ ይዞራል። ሁሉም እስክርቢቶ አይሠራም፤ መሞከር ነው።

ለጉንዳን ደግሞ ወረቀት ይበቃል። መስመራቸው ላይ ትንሽ ወረቀት አኑሩና በላዩ መመላለስ እስኪለምዱ ጠብቁ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሩብ ያህል አዙሩት። ወረቀቱ ላይ የነበሩት ቀጥታ ወደ ስኳሩ አይሄዱም፤ ከተጠማዘዘው መንገድ ጋር ተጠማዝዘው ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ይሄዱና ይቆማሉ።

ወጥ ቤቱን በተመለከተ የእናቴ ጨርቅ ለምን ሁልጊዜ እንደማይሠራ አሁን ገብቶኛል። በውሃ ብቻ ነበር የምትጠርገው፣ እሱም ጉንዳኖቹን እንጂ መንገዱን አይደለም። ብዙዎቹ የመንገድ ቅመሞች ቅባትነት ስላላቸው ሳሙና ይፈልጋሉ፤ ኮምጣጤም ይሆናል። መጠረግ ያለበት ደግሞ ከስንጥቁ እስከ ስኳሩ ነው። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ መንገዱን ደጋግማ የሄደች ጉንዳን አካባቢውን በዓይኗ ታስታውሳለችና ጠረን ባይኖርም ትመጣለች። መጥታ ስኳሩን ካገኘች እንደገና እያንጠባጠበች ትመለሳለች። ስለዚህ መጀመሪያ ስኳሩ ይነሳል።

ባለፈው ሳምንት ይሄን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ሰማችኝና ሳሙናውን ጨመረች። ወለሉ ሲደርቅ ከስንጥቁ አንዲት ብቻዋን ወጣች። ረከቦቱ ወደነበረበት ግማሽ ያህል ሄዳ ቆመች፤ አንቴናዋን አወዛወዘች፤ ወደ ግራ ዞረች፤ ከዚያ ወደ ቀኝ። "ተዪያት" አልኳት።